ሀዋሳ ላይ የማህበራዊ ፍትህ ኢንተርንሽፕ ለምትፈልጉ ተማሪዎች፦ ከትብብር ደብዳቤ እስከ ርክክብ

የትብብር ደብዳቤ በክላሰር ይዞ ከቢሮ ቢሮ የሚዞር ተማሪ ሀዋሳ ላይ ብርቅ አይደለም። ደብዳቤው "ለሚመለከተው ሁሉ" ብሎ ይጀምራል። "ለምታደርጉልን ትብብር ከወዲሁ እናመሰግናለን" ብሎ ይጨርሳል። ተቀባዩ አንብቦ ቀና ይልና "እሺ፣ ምን መስራት ነው የምትፈልጊው?" ይላል። አብዛኛው ተማሪ እዚህ ጋ ነው የሚጠፋበት። "ያገኘሁትን" የሚለው መልስ በጣም የተለመደ ነው። ያገኘሁትን እሠራለሁ ያለ ሰው ደግሞ ሁለት ወር ሙሉ ፎቶ ኮፒ ሲያነሳ፣ ፋይል ሲደረድርና ስልኩን ሲነካካ ይከርማል። ሰርተፊኬቱን አያጣም። ምን ሠራህ ሲባል ግን የሚያወራው የለውም።

ምክሬ አጭር ነው። ቦታ አትለምኑ፣ ስራ ይዛችሁ ሂዱ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ እንዴት ነው ስራ ይዞ የሚኬደው፣ ከተገባ በኋላስ ሰው ሳይጎዱ እንዴት ነው የሚሠራው የሚለው ዝርዝር ነው።

የጻፍኩት ለሕግ፣ ለሶሻል ወርክ፣ ለሶሲዮሎጂ፣ ለሳይኮሎጂ፣ ለጋቨርናንስና ለመሳሰሉት ተማሪዎች ነው። የኢንጂነሪንግ ልጆች ኢንተርንሽፕ በካሪኩለማቸው ስላለ መንገዳቸው የተጠረገ ነው። የሕግ ተማሪዎችም ኤክስተርንሺፕ የሚባል ኮርስ አላቸው። የሶሻል ወርኮች ፊልድ ይወጣሉ። የቀረው ተማሪ ግን ብዙ ጊዜ በራሱ እግር ነው የሚፈልገው። ስለዚህ መጀመሪያ ዲፓርትመንታችሁ ሄዳችሁ ልምምዱ ክሬዲት ያለው ይሁን የሌለው አረጋግጡ። ክሬዲት ከሌለው በሳምንት ሁለት ቀን እንጂ አምስት ቀን ቃል አትግቡ። ትምህርቱም፣ መውጫ ፈተናውም አለባችሁ።

ደረጃ 1፦ ጉዳዩን አጥብቡት

ማህበራዊ ፍትህ ሰፊ ነገር ነው። "በማህበራዊ ፍትህ ዙሪያ መስራት እፈልጋለሁ" ብትሉ ሰውዬው በአክብሮት ራሱን ይነቀንቃል። ከዚያ በኋላ ምንም አይፈጠርም። የሚያስፈልጋችሁ አንድ የሰው ክፍልና የዚያ ሰው ክፍል አንድ ችግር ነው። ሀዋሳ ውስጥ ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም።

ኢንዱስትሪ ፓርኩን ውሰዱ። በሐምሌ 2008 ከተመረቀ ወዲህ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች ገብተው ሠርተውበታል። አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። ብዙዎቹም ከሲዳማና ከአጎራባች አካባቢዎች ገጠር ቀበሌዎች ነው የመጡት። ተሰባስበው አንድ ክፍል ይከራያሉ። ቤተሰብ ከተማ ውስጥ የላቸውም። የስራ ውል ፈርመው ምን እንደፈረሙ የማያውቁ አሉ። በ2014 አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ማለትም ምርትን ከቀረጥ ነፃ ወደ ገበያዋ ከሚያስገባው የንግድ ዕድል፣ ስታስወጣ፣ የፓርኩ ትልቅ ባለሀብት የነበረው ፒቪኤች ደግሞ ከዚያ ቀደም ብሎ ህዳር ላይ ፋብሪካውን ሲዘጋ፣ የውል፣ የማስጠንቀቂያና የስንብት ክፍያ ጥያቄ በአንዴ ወረደባቸው። ለአንድ የሕግ ወይም የሶሻል ወርክ ተማሪ እዚህ ውስጥ የሚሠራ ሞልቷል። የትርፍ ሰዓት ክፍያ እንዴት እንደሚሰላ በአንድ ገጽ ማዘጋጀት አንድ ስራ ነው። ከማታ ፈረቃ ወጥተው ወደ ኪራይ ቤታቸው የሚሄዱበት መንገድ የቱ ጋ እንደሚያስፈራ ከራሳቸው ከሠራተኞቹ ጋር ካርታ ላይ ማስፈር ሌላ ስራ ነው።

የቤት ሠራተኞችም አሉ። አሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ ማለትም 1156/2011፣ እነሱን በቀጥታ አይሸፍንም። ይህን የማያውቅ በጎ ፈቃደኛ አንዲት ልጅ ደመወዟን ተከልክላ ስትመጣ ወደማይመለከተው ቢሮ ይልካታል። ጊዜዋን ይጨርስባታል።

የአካል ጉዳተኞች መግቢያ ጉዳይም አለ። የሕንፃ ሕጉ ሕዝብ የሚገለገልባቸው ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች አመቺ እንዲሆኑ ያዛል። እስቲ በከተማው ዋና መንገድ ስትሄዱ በዊልቸር ያለ ሰው ሳይሸከሙት የሚገባባቸውን ቢሮዎች ቁጠሩ። ስራው ራሱ ይኸው ነው።

በሀይቁ ዳርና በመናኸሪያው አካባቢ ትምህርት ትተው የሚሠሩ ልጆች ጉዳይም አለ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅን መቅጠር ክልክል ነው። ይህ ርዕስ ግን ከባድ ነው። ልምድ ያለው ድርጅት ከጎናችሁ ሳይኖር አትግቡበት። እውነቱን ለመናገር ለመጀመሪያ ኢንተርንሽፕ አልመክረውም።

ጉዳያችሁ መጥበቡን በአንድ ዓረፍተ ነገር ፈትኑት። ለማን፣ የት፣ ሲያልቅ በእጅ የሚያዝ ምን ነገር ይኖራል? ሦስቱን መመለስ ካልቻላችሁ ገና ነው።

ደረጃ 2፦ የትኛውን በር ማንኳኳት

ተማሪ ሁሉ መጀመሪያ የሚያስበው ትልቅ ስም ያለው የውጭ ድርጅት ነው። መኪናው ደስ ይላል። ቢሮው ኤሲ አለው። ነገር ግን ብዙ ትልልቅ ድርጅቶች ተማሪ የሚቀበሉት በራሳቸው ጊዜና በራሳቸው ማስታወቂያ ነው። ሀዋሳ ያለው ቅርንጫፍ "አዲስ አበባን ጠይቁ" ይላችኋል። ስለዚህ ከሌሎቹ በሮች ጀምሩ።

የሕግ ተማሪ ከሆናችሁ የመጀመሪያው በር የዩኒቨርሲቲው የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከል ነው። ባለጉዳይ ፊት ለፊት የሚገኘው እዚያ ነው። ክስ ማርቀቅ፣ አቤቱታ መጻፍ፣ ሰው ሲያለቅስ ዝም ብሎ መስማት፣ ሁሉም እዚያ ይለመዳል። የሕግ ተማሪ ያልሆናችሁም ብትሆኑ ጠይቁ። ባለጉዳይ የሚቀበል፣ ቋንቋ የሚያስተረጉም፣ የስነ ልቦና ድጋፍ ወደሚሰጥበት የሚመራ ሰው ሁልጊዜ ያስፈልጋል።

ቀጥሎ የመንግሥት ተቋማት አሉ። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ሀዋሳ ላይ ቅርንጫፍ አለው። የእንባ ጠባቂ ተቋምም እንዲሁ። ሁለቱን ብዙ ሰው ያምታታቸዋል። ኮሚሽኑ የመብት ጥሰትን ይከታተላል። እንባ ጠባቂ የአስተዳደር በደልን ያያል፦ ቢሮ አመላለሰኝ፣ መልስ ነፈገኝ የሚለውን። ወዴት እንደምትሄዱ ሳታውቁ ከገባችሁ ገና በር ላይ ይታወቅባችኋል። የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ፣ የሠራተኛና ማህበራዊ ጉዳይ፣ የወጣቶች ጉዳይ ቢሮዎች በክልልም፣ በከተማም፣ በክፍለ ከተማም ደረጃ አሉ። የቢሮዎቹ ስም በየጊዜው ስለሚቀያየር በስም ሳይሆን በጉዳይ ጠይቁ። ክልል ላይ ከምትጠፉ ክፍለ ከተማ ውረዱ። ባለጉዳይ ያለው ታች ነው።

ሦስተኛው በር የአገር ውስጥ ሲቪል ማህበራት ናቸው። እኔ በጣም የምወደው ይህን ነው። ትንሽ ታሪክ ልጨምር። በ2001 የወጣው አዋጅ 621 ከውጭ ምንጭ ከ10 በመቶ በላይ ገቢ የሚያገኝን ድርጅት በሰብዓዊ መብት ላይ እንዳይሠራ ከልክሎ ነበር። በዚያ ምክንያት ብዙዎቹ የመብት ስራ ትተው ወደ ውሃ፣ ጤናና ብድር ዞሩ። አንዳንዶቹም ተዘጉ። በ2011 አዋጅ 1113 ያንን ገደብ አነሳው። ስለዚህ ዛሬ በመብት ላይ የሚሠሩ ብዙ ማህበራት ወጣት ናቸው። ሁለት ክፍል ቢሮ፣ ሦስት ሠራተኛ፣ አንድ ፕሪንተር። እንዲህ ያለ ቦታ እጅ ስለሚያጥረው ስራ ያላት ተማሪ ስትመጣ በደስታ ይቀበላል። ከአስተባባሪው ጋርም ቁጭ ብላችሁ የምትሠሩት እዚያ ነው። ብቻ ከመግባታችሁ በፊት ከሲቪል ማህበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን የተሰጠ የምዝገባ የምስክር ወረቀት እንዳላቸው በትህትና ጠይቁ። ያለው ድርጅት አይቀየምም።

አራተኛውን ተማሪ ሁሉ ይረሳዋል፦ ዕድር። የቀብር ጉዳይ ብቻ ነው ብላችሁ አትለፉት። ወላጅ ያጡ ልጆችን የሚረዱ፣ አረጋውያንን የሚጠይቁ፣ ሰፈር የሚያስታርቁ ዕድሮች አሉ። የማህበረሰብ አመራር ማለት ምን እንደሆነ ከማንም ስልጠና በላይ የዕድር ዳኛ ጎን አንድ ዓመት የተቀመጠ ሰው ያውቀዋል። ዲፓርትመንታችሁ "ዕድር ኢንተርንሽፕ አይሆንም" ካለ፣ ከዕድሩ ጋር የሚሠራ ድርጅት ወይም ቀበሌ ፈልጋችሁ በዚያ በኩል ግቡ።

ደረጃ 3፦ ጊዜውን ተመልከቱ

ሰኔን እርሱት። የመንግሥት ቢሮ በጀት የሚዘጋው ሰኔ 30 ነው። በዚያ ወር ሁሉም ሪፖርት ላይ ነው። ተማሪ የሚያይ ዓይን የለም። ፍርድ ቤቶች ደግሞ ክረምት ላይ ለረፍት ስለሚዘጉ ችሎት መከታተል ያለበት ልምምድ ነሐሴና መስከረም ላይ ባዶ ይሆንባችኋል። በተቃራኒው ለበጎ ፈቃድ ስራ ክረምት ጥሩ ነው። የአረጋውያን ቤት እድሳቱም፣ የክረምት ማጠናከሪያ ትምህርቱም ያኔ ነው። ሁለተኛው ሴሚስተር ላይ መግባት ከፈለጋችሁ ታህሳስ ላይ መጠየቅ ጀምሩ። የፍቼ ጨምበላላ ሰሞንም ቀጠሮ አትያዙ። ባትሠሩ ይሻላል፣ ሄዳችሁ አክብሩ።

ደረጃ 4፦ ወረቀቶቹ፣ በተለይ አንዷ ገጽ

ሦስት ወረቀት ይዛችሁ ትሄዳላችሁ። የትብብር ደብዳቤ ከዲፓርትመንት፣ በስማችሁ፣ በቁጥርና በማህተም። ከሁለት ገጽ ያልበለጠ ሲቪ። ሦስተኛው ማንም የማይጠይቃችሁ ነገር ግን በሩን የሚከፍተው ነው፦ የአንድ ገጽ የስራ ሐሳብ። በአማርኛ ጻፉት። አስተባባሪው ብቻ ሳይሆን የቦርድ ሰብሳቢዋም፣ የማህበሩ አባልም ያነቡታል። እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

"የ3ኛ ዓመት የሶሲዮሎጂ ተማሪ ነኝ። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ማክሰኞና ሐሙስ በማህበራችሁ መስራት እፈልጋለሁ። ላግዝ የምፈልገው ስራ ይህ ነው። በመናኸሪያ ክፍለ ከተማ ያሉ የመንግሥት አገልግሎት መስጫ ቢሮዎች በዊልቸርና በክራንች መግባት ይቻል እንደሆነ አንድ በአንድ አይቼ እመዘግባለሁ። የትኞቹ ቢሮዎች እንደሚታዩ የሚመርጡት አባሎቻችሁ ናቸው። ሲያልቅ ለከተማ አስተዳደሩ ልታቀርቡት የምትችሉት፣ ከአምስት ገጽ ያልበለጠ ዝርዝር ከነፎቶው አስረክባለሁ። ከእናንተ የምጠይቀው ስራዬን በሳምንት አንዴ የሚያይልኝ አንድ ሰው፣ ወደ ቢሮዎቹ የሚያስገባኝ ደብዳቤ እና አብሮኝ የሚዞር አንድ አባል ነው።"

ልብ በሉ፣ እዚህ ውስጥ "ልምድ ለመቅሰም" የሚል ነገር የለም። እናንተ ልምድ እንደምትፈልጉ ሰዉ ያውቃል። የሚፈልገው እሱ ምን እንደሚያገኝ ነው። ሐሳባችሁን ሙሉ በሙሉ ቀይረው ሌላ ስራ ቢሰጧችሁም ችግር የለም። ጽፎ የመጣን ሰው የሚያናግሩት በሌላ ዓይን ነው።

ደረጃ 5፦ በአካል ሂዱ

ኢሜይል ልካችሁ አትጠብቁ። ጠዋት ሦስት ሰዓት አካባቢ ሂዱ። ሰኞ ጠዋት ስብሰባ፣ ዓርብ ከሰዓት ደግሞ ባዶ ቢሮ ነው የሚጠብቃችሁ። የመንግሥት ቢሮ ከሆነ ደብዳቤውን መዝገብ ቤት አስገቡና በእጃችሁ በሚቀረው ኮፒ ላይ የገቢ ቁጥሩን አስጽፉ። በኋላ "ደብዳቤሽ አልደረሰንም" ሲሏችሁ ያ ቁጥር ነው የሚያስጥላችሁ። ጸሐፊዋን በስሟ እወቋት። ኃላፊው ስብሰባ ላይ መሆኑንም፣ መቼ እንደሚገኝም የምታውቀው እሷ ናት። ሰውን "እርስዎ" ማለት አያስንቅም። ወጣት አስተባባሪ "አንተ በለኝ" ካላችሁ ያኔ ትቀይራላችሁ።

"ነገ ኑ" ከተባላችሁ ነገ ሂዱ። ለሦስተኛ ጊዜ "ነገ ኑ" ከተባላችሁ ግን ያ መልስ ነው። ወደሚቀጥለው በር እለፉ።

ደረጃ 6፦ ከመጀመራችሁ በፊት የምትስማሙባቸው ነገሮች

ሰው ገንዘብ ማንሳት ያፍራል። አትፈሩ። አብዛኛው ልምምድ ክፍያ የለውም። ይህ እንዳለ ሆኖ የትራንስፖርት ነገር መጠየቅ ያለበት ነው። ከዋናው ግቢ ቱላ ድረስ በሳምንት ሁለት ጊዜ በባጃጅና በታክሲ መመላለስ ለተማሪ ኪስ ቀላል አይደለም። "ደመወዝ አልጠይቅም፣ ለፊልድ ስትልኩኝ ግን ትራንስፖርት ትሸፍኑልኛላችሁ?" ማለት ነውር የለውም። ለራሱ ሠራተኞች የውሎ አበል ከፍሎ ተማሪዋን በኪሷ የሚያስዞር ድርጅት ስለ ፍትህ ምን ሊያስተምራት እንደሚችል አላውቅም።

ሌሎቹን በአንድ ገጽ ጻፉና ሁለታችሁም ፈርሙበት፦ ቀንና ሰዓት፣ የሱፐርቫይዘር ስም፣ የምታስረክቡት ነገር፣ ሲያልቅ የምትቀበሉት ደብዳቤ። "ሱፐርቫይዘርሽ ሁላችንም ነን" ካሏችሁ ማንም አይደለም ማለት ነው። አንድ ስም ጠይቁ።

ለሴት ተማሪዎች አንድ ነገር ሳልሸፋፍን ልበል። የመብት ድርጅት ስለሆነ ሁሉም ሰው ጨዋ ነው ማለት አይደለም። የስራ ስብሰባ በስራ ሰዓት፣ በቢሮ ነው። "ሪፖርቱን እራት ላይ እንየው" የሚል ሱፐርቫይዘር ካጋጠማችሁ መልሱ "ነገ ጠዋት ቢሮ አመጣዋለሁ" ነው። ከደገመው ቀኑንና የተባለውን ጻፉ። መልዕክቶቹን አታጥፉ። ለዩኒቨርሲቲ አማካሪያችሁ ወይም ለግቢው የሴቶች ጉዳይ ቢሮ ንገሩ። ወሲባዊ ትንኮሳ በስራ ቦታ በሕግ የተከለከለ ነው። ለሰርተፊኬት ተብሎ የሚታገስ ነገር አይደለም። ገና ስትጀምሩም ቦታ መቀየር ከፈለግሁ ለማን እነግራለሁ የሚለውን ከአማካሪያችሁ ጋር ተነጋገሩ።

ደረጃ 7፦ የመጀመሪያው ሳምንት

አትቸኩሉ። የድርጅቱን ያለፈ ዓመት ሪፖርት አንብቡ። ያለፈው ተማሪ የተወውን ፋይል ክፈቱ። ብዙ ጊዜ እናንተ ልትሠሩት ያሰባችሁት ሰርቬይ ተሠርቶ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል። ያንን አውጥቶ ጥቅም ላይ ማዋል አዲስ ከመሥራት ይበልጣል።

የክልሉ የስራ ቋንቋ ሲዳምኛ ነው። ሀዋሳ ከተማ ውስጥ አማርኛ ያግባባል፤ ወላይትኛም በየሰፈሩ ይሰማል። ወደ ገጠር ቀበሌዎቹ ስትወጡ ግን ነገሩ ይለያል። ሲዳምኛ የማትችሉ ከሆነ ቢያንስ ሰላምታውን ተማሩ። ለቃለ መጠይቅም አስተርጓሚ አስቀድማችሁ አስቡ። የባለጉዳይዋን ጎረቤት አስተርጓሚ አታድርጉ። የቀበሌ ሊቀመንበሩንም አታድርጉ። ሰው በጎረቤቱና በአለቃው አፍ ጓዳውን አያወራም።

ሲዳማ ሽማግሌዎች ተቀምጠው እውነቱን አጣርተው የሚያስታርቁበት የራሱ ሥርዓት አለው። አፊኒ ይባላል። ብዙ ክርክር ፍርድ ቤት ሳይደርስ እዚያ ያልቃል። የሕግ ተማሪ ይህን ሳያውቅ ገብቶ "ክስ እንመስርት" ቢል መንደሩን ሁሉ ያስኮርፋል። በሌላ በኩል በሽምግልና መሸፈን የሌለበት ጉዳይ አለ። መደፈርና ያለ ዕድሜ ጋብቻ የሽማግሌ ጉዳይ አይደሉም። ይህን ለይቶ ማወቅ በመጀመሪያው ሳምንት ከሱፐርቫይዘራችሁ ጋር የምትነጋገሩበት ነገር ነው። ዕድሜ ልክ የሚጠቅማችሁም ይኸው ነው።

ደረጃ 8፦ ከሰው ጋር ስትሠሩ

እዚህ ላይ ረዘም ላድርገው። ልምምዱ ሰው የሚረዳውም፣ ሰው የሚጎዳውም እዚህ ነው።

ስም መመዝገብ አገራችን ውስጥ ቀላል ነገር አይደለም። እስክሪብቶና ወረቀት ይዞ ስም የሚጽፍ ሰው ሰፈር ሲመጣ እርዳታ ሊመጣ ነው ማለት ነው። ዘይት፣ ዱቄት፣ ቤት። እናንተ ለሰርቬይ ብላችሁ የጻፋችሁት ስም ለአንዲት እናት ተስፋ ይሆናል። ስለዚህ ከመጀመሩ በፊት "እማማ፣ እኔ ተማሪ ነኝ። ይህ መረጃ እንዲህ ላለ ስራ ነው። ዕርዳታ አያመጣም" በሉ። ከዚያ በኋላ ለመናገር ፈቃደኛ ካልሆኑ መብታቸው ነው። አመስግናችሁ ሂዱ። ስም ካላስፈለጋችሁ ደግሞ ጨርሶ አትጻፉ።

ቃል አትግቡ። "እናስፈጽማለን"፣ "እናነጋግራለን"፣ "አይዞሽ ይስተካከላል" የሚሉት ነገሮች ከአፍ ሲወጡ ቀላል ናቸው። የሚከፍላቸው ሌላ ሰው ነው። ማለት የምትችሉት "ይህን ለሱፐርቫይዘሬ እነግራለሁ፣ ሐሙስ መልሱን ይዤ እመጣለሁ" ነው። ሐሙስ መልስ ባይኖርም ሂዱና መልስ የለም በሉ።

ጊዜ የሚያልፍባቸው ጉዳዮች እንዳሉ እወቁ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ መሠረት ከስራ ያላግባብ የተባረረ ሠራተኛ ወደ ስራዬ ልመለስ ብሎ የሚጠይቅበት ጊዜ 3 ወር ነው። ያልተከፈለ ደመወዝና የትርፍ ሰዓት ክፍያ ደግሞ 6 ወር። ከዚያ በኋላ ይርጋ ያግደዋል፤ ጊዜው አልፏል ተብሎ ጥያቄው አይታይም። አንዲት የፓርኩ ሠራተኛ ከተባረረች ሁለት ወር ከሃያ ቀን ሆኗት ወደ እናንተ መጣች እንበል። "የሚቀጥለው ሳምንት ነይ" ካላችኋት መብቷን በእጃችሁ ልታጠፉት ትችላላችሁ። ስለዚህ ማንኛውም የስራ ጉዳይ ሲመጣ የመጀመሪያው ጥያቄ "ምን ሆንሽ?" ነው፤ ሁለተኛው "መቼ?" ነው። ቀኑን ጻፉና በዚያው ቀን ለሚመለከተው የሕግ ባለሙያ አድርሱ። የሕግ ምክር ራሳችሁ አትስጡ። ተማሪ ናችሁ።

ሚስጥር። ሀዋሳ ትልቅ ከተማ ትመስላለች። ዘመድ ግን በየሰፈሩ አለ። ባጃጅ ውስጥ፣ ፍቅር ሀይቅ ዳር ቡና እየጠጣችሁ፣ ዶርም ውስጥ የሰው ጉዳይ አታውሩ። ስም ባትጠሩም። "አንዲት ቱላ የምትኖር፣ ወንድሟ ፖሊስ የሆነ" ካላችሁ ጠራችኋት ማለት ነው። ማስታወሻችሁ ላይ ስም ሳይሆን ቁጥር ተጠቀሙ። የስሙን ዝርዝር ቢሮ ተዉት። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ጤናን፣ ብሔርንና ሃይማኖትን የመሰለ መረጃ በሕግ ልዩ ጥበቃ አለው። በስልክ ያነሳችሁትን መታወቂያና የሕክምና ወረቀት ስራው እንዳለቀ አጥፉ።

ፎቶ ላይ የግል አቋሜን ልናገር። አሮጊቷ ዱቄት ሲቀበሉ፣ አምስት ወጣት በቲሸርት ከበዋቸው የሚነሳውን ፎቶ አልወደውም። ለሪፖርት ያስፈልጋል ይባላል። ደረሰኝ ላይ የጣት አሻራ ይበቃል። ፎቶ የግድ ከሆነ ፈቃድ ጠይቁ፣ የት እንደሚለጠፍም ንገሩ። ፌስቡክ ላይ እንደሚወጣ ያልተነገረው ሰው ፈቀደ አይባልም።

ደረጃ 9፦ ስብሰባ መምራት

የማህበረሰብ አመራር የሚባለው ትምህርት ግማሹ ስብሰባ ላይ ነው። ተማሪዎች አዳራሽ ይይዛሉ፣ ባነር ያሠራሉ፣ ፓወርፖይንት ያዘጋጃሉ። ሰው አይመጣም። ወይም ለአበል ይመጣል። ይልቅ ሰዉ ራሱ ወደሚሰበሰብበት ሂዱ። የዕድሩ ወርሃዊ ስብሰባ ላይ ዳኛውን አስፈቅዳችሁ ሃያ ደቂቃ ውሰዱ። የፓርኩ ሠራተኞችን እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ በኪራይ ግቢያቸው አግኟቸው። ሻይ ቡናውን እናንተ ግዙ።

መጀመሪያ የሚናገሩት ሁልጊዜ እነዚያው ሰዎች ናቸው፦ ሽማግሌው፣ የቀበሌው ሰው፣ ትንሽ የተማረው። አታቋርጧቸው። አክብራችሁ ስሙ። ከዚያ ግን ወደ ኋላ እዩ። ሴቶቹ ከኋላ ወይም ቡናው ጋ ናቸው። "እናንተስ?" ብሎ በአደባባይ መጠየቅ ብዙ ጊዜ አይሠራም፤ ይሽኮረመማሉ። የሚሠራው ሴቶቹን ለብቻ፣ ቀደም ባለ ቀን ማነጋገርና ከመካከላቸው አንዷ በስብሰባው ላይ ሐሳባቸውን እንድታቀርብ ራሳቸው እንዲመርጧት ማድረግ ነው። ይህን ስታደርጉ አጀንዳው ሲለወጥ ታያላችሁ። እናንተ ስለ መንገድ መብራት ይዛችሁ ሄዳችሁ፣ እነሱ ስለ ውሃ ቦኖ ሰዓት ያነሳሉ። ያኔ የእናንተን ወረቀት ወደ ቦርሳ መልሱትና የእነሱን ጻፉ።

በስብሰባው መጨረሻ ሦስት ነገር ጮክ ብላችሁ አንብቡ፦ ምን ተስማማን፣ ማን ይሠራዋል፣ መቼ እንገናኛለን። የሚሠራው ሰው ስም ውስጥ የእናንተ ስም ሁሉም ቦታ ላይ ካለ አንድ ነገር ተበላሽቷል። ሁለት ወር ቆይታችሁ ትሄዳላችሁ።

ደረጃ 10፦ ሪፖርትና ርክክብ

በየቀኑ ማታ ሎግቡክ ላይ ጥቂት መስመር ጻፉ። ለዩኒቨርሲቲው የምታስገቡት ሪፖርት ከዚያ ይወጣል። ለድርጅቱ የምትሰጡት ግን ሌላ ነው። እሱ አጭር ይሁን። ምን ተሠራ፣ ምን ቀረ፣ ቀጣዩ ሰው ከየት ይጀምር። ከማህበረሰቡ የሰበሰባችሁትን ነገር ደግሞ ወደ ማህበረሰቡ መልሱት። ዕድሩ ስብሰባ ላይ አሥር ደቂቃ ወስዳችሁ "ይህን አገኘን" በሉ። ተማሪ መረጃ ሰብስቦ ሄዶ እንደማይመለስ ሰፈሩ ለምዶታል።

በእጃችሁ ያለ ባለጉዳይ ካለ ከመውጣታችሁ ሁለት ሳምንት ቀደም ብላችሁ ንገሩት። የሚተካችሁን ሰው በአካል አስተዋውቁ። የግል ስልካችሁን የሰጣችሁት ባለጉዳይ ከኢንተርንሽፑ በኋላም ይደውላል። ስለዚህ ከመጀመሪያው የቢሮውን ቁጥር ስጡ።

ሲቪ ላይ "የማህበረሰብ ልማት ኢንተርን" ብላችሁ አታቁሙ። "በመናኸሪያ ክፍለ ከተማ የመንግሥት ቢሮዎችን ተደራሽነት ከአካል ጉዳተኞች ማህበር አባላት ጋር መዝግቤ ለከተማ አስተዳደሩ የቀረበ ዝርዝር አዘጋጅቻለሁ" በሉ። የሚቀጥር ሰው የሚጠይቃችሁ ከሁለተኛው ነው።

የድጋፍ ደብዳቤውን ደግሞ የመጨረሻው ቀን ላይ አትጠይቁ። የሲቪል ማህበራት ሠራተኛ የፕሮጀክት ሠራተኛ ነው። ፕሮጀክቱ ሲያልቅ እሱም ይሄዳል። ስራችሁን የሚያውቀው ሱፐርቫይዘር ቦታ ሳይቀይር፣ ገና እዚያው እያላችሁ፣ የሠራችሁትን በሦስት መስመር ጽፋችሁ ስጡትና ደብዳቤውን በማህተም ተቀበሉ። ስካን አድርጋችሁ ወደ ኢሜይላችሁ ላኩት። ዋናውንም እንዳይጠፋ ቤተሰብ ጋር አስቀምጡት።